ዘር ማንትራዎች ከቬዳ ናቸው ወይስ ከታንትራ? ኦም፣ ሁም፣ ህሪም እና «ኧ» ፊደል

#1 ጽናጽል

ሰላም ለሁላችሁ። በሂንዱም በቡድሂስትም ታንትራ (ከመምህር በሚወረስ ምስጢራዊ ሥርዓት) ለተመስጦ የሚያገለግሉ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ማንትራዎች፣ ማለትም የሚደጋገሙ ቅዱሳን ድምፆች አሉ፤ በሳንስክሪት «ቢጃ»፣ ማለትም ዘር ይባላሉ። ስለ መነሻቸው የማነበው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ሁሉም ከቬዳ፣ ከጥንታውያኑ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የወጡ ናቸው ይላል፤ ሌላው ቡድሂስቶቹ ከሂንዱዎቹ ወሰዱ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ገልብጦ ይናገራል። የሚያውቅ ሰው ሦስት ነገር ቢያስረዳኝ፦ እያንዳንዱ ድምፅ መጀመሪያ የሚገኘው የት ነው? የምድርና የውኃ ዘር የሚባሉት በሕንድና በጃፓን ለምን ተለያዩ? በእኛ ፊደልስ እንዴት ይጻፋሉ? «ላም፣ ቫም፣ ራም» የሚል አይቻለሁ፤ «ለም፣ ቨም፣ ረም» የሚልም አይቻለሁ።

#2 ሰምና_ወርቅ

ጥያቄው በጅምላ ከተያዘ መልስ አይገኝለትም። ድምፅ በድምፅ እንነጥለው።

ኦም የቬዳ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ከኡፓኒሻዶች፣ ማለትም ከቬዳ ጋር ከተያያዙት የጥበብ ጽሑፎች፣ አንዱ የሆነው ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የሚከፈተው በእሱ ነው። ማንዱክያ ኡፓኒሻድ ደግሞ በ12 አጫጭር አንቀጾች «ኧ»፣ «ኡ»፣ «ም» ብሎ ይፈታዋል፦ የመጀመሪያው ንቃት፣ ሁለተኛው ሕልም፣ ሦስተኛው ሕልም የሌለበት እንቅልፍ፣ አራተኛው ግን በድምፅ የማይሰፈር። አንድን ክፍለ ቃል ፈትቶ እያንዳንዱን ቅንጣት የማሰላሰያ ደረጃ ማድረግ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁምም ሥሩ እዚያው ነው፤ የገባው ግን በሌላ በር ነው። የሳማ ቬዳ ዘማሪዎች የሪግ ቬዳን ግጥም በዜማ ሲያወጡ በቃላቱ መሀል የመዝገበ ቃላት ፍቺ የሌላቸው ድምፆችን ይሰገስጋሉ። ስቶባ ይባላሉ። ሆያ ሆዬ ሲጨፈር «ሆ» የምትለዋ ፍቺ ሳይኖራት ዜማውን እንደምትሸከም አድርጋችሁ ያዙት። ቻንዶግያ በ1ኛው ምዕራፍ 13ኛ ክፍል 13 ስቶባዎችን ይዘረዝራል፤ «ሃኡ» ይህች ዓለም ናት፣ «ሃኢ» ነፋስ ነው፣ «ኢ» እሳት ነው እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ «ሁም»ን ሲደርስ ያልተገለጸው ይለዋል። ፍቺ የሌለውን ድምፅ ለአንድ የዓለም ክፍል ወይም ለአንድ አምላክ መስጠት ማለት ይኸው ነው። ታንትራ ከመምጣቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

«ፐት»ም በያጁር ቬዳ ውስጥ አለ። «ስቫሃ»፣ «ቨሸት»፣ «ቨውሸት» የሚባሉትም መሥዋዕት እሳት ላይ ሲፈስ የሚጮኹ የቬዳ ጩኸቶች ናቸው። ታንትራ ሲመጣ ጩኸቶቹን አልጣላቸውም፤ አካል ላይ አሰፈራቸው። ዘሩ ህሪም ከሆነ ባለሙያው በአናባቢ እያረባ ህራም፣ ህሪም፣ ህሩም፣ ህረይም፣ ህረውም፣ ህረህ ይላል፤ ልክ ሀሁሂ እንደምንቆጥረው። በየተራ ልብን፣ ራስን፣ ቁንጮን፣ ደረትና ትከሻን እንደ ጥሩር፣ ዓይኖችን ይነካል፤ ስድስተኛው መሣሪያ ነው፤ እጅ ይጨበጨባል። መዝጊያ ቃላቱ በቅደም ተከተል ነመህ፣ ስቫሃ፣ ቨሸት፣ ሁም፣ ቨውሸት፣ ፐት ናቸው። አሮጌው የመሥዋዕት ጩኸት ከአዲሱ ዘር ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

አሁን ህሪም፣ ሽሪም፣ ክሊም፣ ክሪም ላይ እንምጣ። እነዚህ እንደ ዘር ሆነው በአራቱ የቬዳ ስብስቦች ውስጥ የሉም። የታንትራ ሥራ ናቸው። እስካሁን ከተረፉት የሂንዱው አምላክ የሺቫ ታንትራዎች ሁሉ ጥንታዊው ኒሽቫሳ ሲሆን ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፈ ነው፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዘንባባ ቅጠል የተገለበጠ ቅጂው ኔፓል ውስጥ ይገኛል። በታንትራ ዓለም ዘሩ አምላኩን የሚያመለክት ስም አይደለም፤ አምላኩ ራሱ በድምፅ መልክ ነው።

አሠራራቸውም ከቬዳዎቹ ይለያል። የተወለዱ ሳይሆኑ የተገጣጠሙ ናቸው። የህሪምን አገጣጠም አንድ የእመቤቲቱ (የሂንዱዎች ታላቅ ሴት አምላክ) ኡፓኒሻድ እንዲህ ይሰውረዋል፦ ሰማይ ከ«ኢ» ጋር ተጣምሮ፣ እሳት ታክሎበት፣ በግማሽ ጨረቃ ያጌጠ፤ ይህ የእመቤቲቱ ዘር ነው። ሰሙ የተፈጥሮ ሥዕል ነው፤ ወርቁ ፊደል። ሰማይ «ኸ»፣ እሳት «ረ»፣ ግማሽ ጨረቃዋ ከነነጥቧ የአፍንጫው ድምፅ ናት። ሲገጣጠም ህ+ር+ኢ+ም። ተማሪው የምስጢሩን መዝገበ ቃላት ከመምህሩ ካልተቀበለ ጽሑፉን እያነበበ ማንትራውን አያገኘውም። ከጽሑፍ የተለቀሙ ዘሮች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፦ ከመፍቻ ቃላቱ አንዱ ለሁለት ፊደል ሊውል ይችላልና ገጣሚው «ረ» ያለውን አንባቢው «ለ» አድርጎ ይፈታዋል፤ ክሪም ክሊም ይሆናል። የሴት አምላኳ የካሊ ዘር የፍቅር አምላክ ዘር ሆነ ማለት ነው።

#3 የሐይቅ_ዳር

የሰምና_ወርቅ ጽሑፍ የሂንዱውን በኩል አጥግቧል። የቡድሂስቱ በኩል ግን የራሱ ጥንታዊ ምንጭ አለው፤ ሁልጊዜ ተረስቶ ነው የሚታለፈው።

በዛሬዋ ሰሜን ፓኪስታንና ምሥራቅ አፍጋኒስታን፣ ያኔ ጋንዳራ በምትባለው አገር፣ የፊደሉ ተራ እንደ ሌላው ሕንድ አልነበረም። የሚጀምረው ኧ፣ ረ፣ ፐ፣ ቸ፣ ነ ብሎ ነው። ተራው የጋንዳራ የካሮሽቲ ፊደል ተራ መሆኑን ተመራማሪው ሪቻርድ ሳሎመን እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በማስረጃ አሳይቷል። በ25 ሺህ መስመሩ የጥበብ ፍጹምነት ሱትራ (የቡድሂስት ቅዱስ መጽሐፍ) ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል በር ይባላል፤ ምክንያቱም በዚያ ፊደል የሚጀምር ቁልፍ ቃል አለ። «ኧ» በር ነው፣ ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ያልተወለደ ነውና። «ረ» በር ነው፣ ነገር ሁሉ ከትቢያ የጠራ ነውና፤ ትቢያ በሳንስክሪት «ረጀስ» ነው። «ነ» በር ነው፣ ስም ከነገሩ ላይ ይወልቃልና፤ ስም «ናመን» ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ዘዴውን ወዲያው ይለየዋል፦ «ሀ ብሂል ሀልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የታሪክ ዝምድና የላቸውም፤ ፊደልን የትምህርት ማስታወሻ ማድረግ ሁለት ቦታ ለየብቻ የበቀለ ነው። የጋንዳራው ተራ ከጊዜ በኋላ ራሱ ማንትራ ሆነ፦ «ኦም ኧረፐቸነ ዲህ»፣ የማንጁሽሪ፣ የቡድሂስቶች የጥበብ ባለቤት፣ ማንትራ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዲህ» ዘሩ ናት፤ አስተውሎት ማለት ነው።

ስለዚህ ፊደል ላይ ማሰላሰልን ቡድሂስቶች ከሺቫ ታንትራ ተዋሱት ማለት አይቻልም። የማሃቫይሮቻና ሱትራን መነኮሳቱ ሹባካራሲምሃና ዪሺንግ በ724 እና 725 ወደ ቻይንኛ ሲመልሱት «ኧ» የማሰላሰያው ልብ ሆና ተቀምጣ ነበር። የጃፓኑ መነኩሴ ኩካይ በ804 ወደ ቻይና ተሻግሮ ከመምህሩ ከሁይጉዎ ተምሮ በ806 ወደ ጃፓን ይዞት የተመለሰው ይህንን ነው።

#4 ፊደለ_ሰገድ

የአጻጻፉን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ አንባቢ የተሻለ መነሻ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ሳንስክሪት የሚጻፍባቸው ፊደላት እንደ ግዕዝ ፊደል ተነባቢው አናባቢውን በሆዱ ይዞ የሚሄድባቸው ናቸው። በሆዱ ያለው አጭሩ ድምፅ ከእኛ የግዕዝ ረድፍ፣ ከ«ለ» እና ከ«ረ» አናባቢ ጋር እጅግ ይቀራረባል። «ኧ» የነገር ሁሉ ሥር ናት ሲባል ለእኛ ግልጽ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፦ «ለ» ስትሉ «ኧ»ን ብላችኋል፤ ምንም ምልክት ሳይኖራት በእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ ተቀምጣለች።

ስለዚህ የምድር ዘር ለም እንጂ ላም አይደለም። ራብዕ አድርጎ መጻፍ በሳንስክሪት ሌላ ክፍለ ቃል ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ነው። የምድሩ ዘር በትክክል ሲጻፍ ለም መሬት ከምንለው ቃል ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል። የውኃው ቨም፣ የእሳቱ ረም፣ የነፋሱ የም ነው። የነፋሱን «የ» ስታነቡ ወደ «ዬ» እንዳታዘነብሉ፤ አማርኛችን ይገፋናል። ሰማይ «ኸም» ተብሎ ይጻፍ፤ «ሀ» በእኛ አፍ ራብዕ ሆኖ ስለሚነበብ ያሳስታል። በዚሁ ምክንያት «አ» ብሎ ከመጻፍ «ኧ» ይሻላል።

ትልቁ ችግር ህሪም ላይ ነው። ሳድሱ «ህ» አፋችን ውስጥ ትንሽ አናባቢ ያበቅልና ህ-ሪም፣ ሁለት ክፍለ ቃል ይሆናል። ትክክለኛው አንድ ነው። መፍትሔው መጀመሪያ «ሪም» ማለትን መልመድ፣ ከዚያ «ረ»ዋ ከመነሣቷ በፊት ትንፋሹን መልቀቅ። መዳፍን አፍ ፊት አድርጎ መፈተን ይቻላል፤ ትንፋሹና «ሪ» አንድ ላይ መዳፉን መንካት አለባቸው። አንድ ጭብጨባ፣ አንድ ድምፅ። ክሊም፣ ክሪም፣ ሽሪም፣ ትራምም እንደዚሁ።

ሌሎቹ ፈጣን ናቸው። «ፐት»ን ፋት ማለት ከእንግሊዝኛ አጻጻፍ የመጣ ስህተት ነው፤ ድምፁ ትንፋሽ ያለበት ፐ ነው እንጂ ፈ አይደለም፣ ጰም አይደለም። ህሪም እና ህሪህ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው፦ ህሪም በአፍንጫ ይዘጋል፣ የእመቤቲቱ ነው፤ ህሪህ በትንፋሽ ያልቃል፣ የቡድሃው የአሚታባና የርኅራኄው የአቫሎኪቴሽቫራ ነው። ቲቤቶች ሁምን «ሁንግ» ይላሉ፣ ጃፓኖች «ኡን»፤ ወግ ነውና ከየትኛው መስመር እንደተማራችሁ በዚያው ጽኑ፤ አትቀላቅሉ።

#5 ዘመን_ቀለም

አንድ ነገር አልገባኝም። እነዚህ ድምፆች ትርጉም አላቸው ወይስ የላቸውም? ምሁሩ ፍሪትስ ስታል ማንትራ ትርጉም የለውም፣ ከወፍ ዜማ ጋር ይቀራረባል ብሎ መከራከሩን አውቃለሁ።

#6 የሐይቅ_ዳር

ስታል ስለ ስቶባ የሚለው ያስኬዳል። ስለ ታንትራ ዘሮች ሲሆን ግን የባለቤቶቹን ሥራ ማየት ይገባል። ከ705 እስከ 774 የኖረው የቡድሂስቱ መምህር አሞጋቫጅራ ህሪህን በአራት ይፈታዋል፦ ኸ፣ ረ፣ ኢ እና መዝጊያዋ ትንፋሽ። ለእያንዳንዱ የትምህርት ፍቺ ይሰጣል፤ «ረ» ለምሳሌ ያው ቅድም ያየነው ትቢያ ነው። አራቱን መልሶ ሲገጥማቸው ደግሞ «ህሪ» በተራው ሳንስክሪት ኀፍረት፣ ይሉኝታ ማለት መሆኑን ያነሣል፤ ክፉ ከማድረግ የሚከለክል ኀፍረት። እንግዲህ ፍቺው ሦስት ድርብ ነው፦ የፊደል፣ የቃል፣ የአምላክ። ትርጉም የለሽ ማለት ይከብዳል።

#7 ጽናጽል

እጅግ አመሰግናለሁ። የምድርና የውኃው ልዩነት ቀረ። በጃፓን ድንጋይ ላይ የተቀረጹት አምስቱ ከለም-ቨም-ረም ጋር አይገጥሙም።

#8 የሐይቅ_ዳር

የጃፓኑ ተራ ኧ፣ ቨ፣ ረ፣ ኸ፣ ከ ነው፦ ምድር፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ሰማይ። ጃፓኖች «ኣ ባ ራ ካ ክያ» ብለው ያነቡታል። በጎሪንቶ፣ ማለትም በአምስት እርከኑ የድንጋይ መታሰቢያ ላይ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ አራት ማዕዘኑ ምድር፣ ክቡ ውኃ፣ ሦስት ማዕዘኑ እሳት፣ ግማሽ ጨረቃው ነፋስ፣ ጫፉ ላይ ያለው የእንቁ ቅርጽ ሰማይ። ፊደላቱ የተመረጡት እንደ ጋንዳራው ዘዴ በትምህርት ቃል ነው፤ ምድር የሁሉ መሠረት ስለሆነች ያልተወለደውን «ኧ» ተሰጣት። የሂንዱው ግን የቡድሂስቱን መንገድ አይከተልም፤ የ፣ ረ፣ ለ፣ ቨ በሳንስክሪት ሰዋስው ተከታትለው የሚሰለፉ ከፊል አናባቢዎች ናቸው፤ አራቱን አንድ ላይ አነሣና ኸን ጨመረባቸው። እሳትና ውኃ ገጠሙ፤ ሌሎቹ ተለያዩ። ቡድሂስትና ሂንዱ የሚለዩበት ነጥብ ይህ ነው።

#9 ሰምና_ወርቅ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላርማት፣ የሐይቅ_ዳር ይቅርታ ያድርግልኝ። ልዩነቱ በሂንዱና በቡድሂስት መካከል ሳይሆን በጊዜ መካከል ነው። የጃፓኑ ተራ ከማሃቫይሮቻና ሱትራ የወረደ ነው። በቲቤት በተጠበቁት የኋለኞቹ የቡድሂስት ታንትራዎች ግን ማንዳላው (በሐሳብ የሚሣለው የአማልክት ዓለም) ሲገነባ ከባዶነት መጀመሪያ የም ይነሣል፣ ነፋስ ይሆናል፤ በላዩ ረም እሳት፣ በላዩ ቨም ውኃ (ቲቤቶች «ባም» ይሉታል)፣ በላዩ ለም ምድር፣ ከዚያ በሱም የዓለም መካከል የሚባለው የሜሩ ተራራ ይቆማል። ይህ ከሂንዱው ጋር አንድ ነው።

ካላቻክራ በሚባለው ኋለኛ የቡድሂስት ታንትራ ላይ የበለጠ ይጎላል። በቲቤት ገዳማት በሮች ላይ የሚሳለው ባለ ብዙ ቀለም ምልክት ኸ፣ ክሸ፣ መ፣ ለ፣ ቨ፣ ረ፣ የ ተደራርበው የተጻፉበት ነው፤ ሰባት ፊደል፣ ከጨረቃ፣ ከነጥብና ከላይዋ ጭራ ጋር አሥር፤ አሥሩ ኃይላት የሚባለውም ለዚህ ነው። ከታች የ፣ ረ፣ ቨ፣ ለ፤ ያው ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ ምድር። በሺቫ ታንትራ ናቫትማን የሚባለው ማንትራም እነዚሁኑ ፊደላት ከአንድ «ሰ» ጋር ደርቦ ይዟል።

የመዋዋስ ጥያቄ እዚህ ላይ ቦታ ያገኛል። ተመራማሪው አሌክሲስ ሳንደርሰን የቡድሂስቱን የቻክራሳምቫራን ታንትራ ከሺቫ ጽሑፎች ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ሰፋፊ ክፍሎቹ ከእነ ጃያድራታያማላ እና ብራህማያማላ የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቻክራሳምቫራ ለሚመደብባቸው ለዮጊኒ ታንትራዎች ቡድሂስቶች ከሺቫ ወሰዱ ማለት ይቻላል፤ ለ«ኧ» እና ለ«ዲህ» ግን አይቻልም። ሁለቱን ማምታታት ነው ክርክሩን ሁሉ ያበላሸው።

#10 ዘመን_ቀለም

የቻክራ (በሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉ የኃይል ማዕከላት) ድምፆች የሚባሉትስ? ሰባት ቻክራ፣ ሰባት ዘር ተብሎ በየቦታው ይሸጣል።

#11 ሰምና_ወርቅ

ዛሬ የተስፋፋው ሥዕል በዋናነት የመጣው በ1577 ቤንጋል ውስጥ ፑርናናንዳ ከጻፈው ስለ ስድስቱ ቻክራ የሚናገር ሥራ ነው፤ ጆን ውድሮፍ በ1919 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እዚያ ለም የቻክራው ዘር ሳይሆን የምድር ዘር ነው፤ ምድር በታችኛው ቻክራ ውስጥ ስለምትቀመጥ እዚያ ተሥሏል። የቻክራው የራሱ ፊደላት ቅጠሎቹ ላይ ናቸው፦ 4፣ 6፣ 10፣ 12፣ 16፣ 2። ደምሩት፤ 50 ይመጣል፤ የሳንስክሪት ፊደል ሁሉ። ሥራው ፊደሉን ከነሙሉው ወደ ምንጩ መመለስ ነው፤ እያንዳንዱን ቻክራ በአንድ ድምፅ ማንቃት አይደለም።

#12 ጽናጽል

በተግባር እንዴት ይሠራል? ሁለቱንም ብታሳዩን።

#13 የሐይቅ_ዳር

የጃፓኑ የ«ኧ» ማሰላሰል፣ አጂካን፣ ለምእመናንም ስለሚያስተምሩት ከእሱ ልጀምር።

ፊት ለፊት ሥዕል ይሰቀላል፦ ባለ ስምንት ቅጠል ሎተስ፣ ነጭ የጨረቃ ክብ፣ በውስጡ በሲድሃም፣ በጥንታዊ የሳንስክሪት መጻፊያ ፊደል፣ የተጻፈች የወርቅ «ኧ»። ክቡ በወጉ ስፋቱ አንድ ክንድ ነው። በግማሽ ሎተስ መቀመጥ፣ እጆችን ጭን ላይ አነባብሮ አውራ ጣቶችን ማገናኘት። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፍ ረጅም ትንፋሽ ማስወጣት፤ ከዚያ በአፍንጫ ብቻ። ትንፋሽን ከ1 እስከ 10 መቁጠር። ቀጥሎ በእያንዳንዱ አወጣጥ «ኣ» ማለት፣ መጀመሪያ በድምፅ፣ ኋላ በልብ ብቻ። ከዚያ ዓይንን ከፈት፣ ከደን እያደረጉ ክቡን ማየት፣ ዓይን ሲከደን ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ። ሲቆይ ወደ ደረት ማስገባት። ፊደሏን በመጨረሻ።

ከዚህ በኋላ ክቡ ይሰፋል፦ ክፍሉን፣ ቤቱን፣ ምድሩን፣ ሰማዩን ይሞላል። ሰዎች የሚሳሳቱት ማስፋቱን በመጀመሪያው ቀን መሞከራቸው ላይ ነው፤ አንድ ክንድ ያልጸና ክብ ሲሰፋ ይበተናል። ሁለተኛው ስህተት ሥዕሉ ላይ ዓይን ማፍጠጥ ነው፤ ግንባር ይወጥራል፣ ራስ ምታት ይመጣል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ሳይመልሱ መነሣት ነው። የሰፋው ክብ በሄደበት መንገድ ተመልሶ አንድ ክንድ ሆኖ ደረት ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሚነሡት።

#14 ሰምና_ወርቅ

የሂንዱው የንጥረ ነገር ማጥራት ቡታሹዲ ይባላል። በአንዱ የታወቀ አሠራር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ በግራ አፍንጫ እየሳቡ የጢስ ቀለም ያለውን የም 16 ጊዜ፤ ሰውነት ሲደርቅ ማየት። ትንፋሽ ይዞ ቀዩን ረም እምብርት ላይ 64 ጊዜ፤ የደረቀው ሲቃጠል። እያወጡ ነጩን ቨም ግንባር ላይ 32 ጊዜ፤ ዝናቡ አመዱን ሲያረጥብ። ከዚያ ቢጫው ለም በታች፤ አዲሱ ሰውነት ሲጠነክር። 64 ጊዜ ትንፋሽ መያዝ ለጀማሪ አይሆንም፤ በዚያው ምጣኔ 4፣ 16፣ 8 ይጀመራል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው መያዙን ይተወው።

ድግግሞሹን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል 100,000 የሚለው ወግ የታወቀ ነው። ለአንድ ዘር 100,000 ጊዜ፤ የእሱ አሥረኛ 10,000 የእሳት ቁርባን፤ 1,000 የውኃ ቁርባን፤ 100 መርጨት፤ 10 ሰው ማብላት። መቁጠሪያው 108 ፍሬ ነው፤ 8ቱ ለስህተት ማካካሻ ስለሚተው አንድ ዙር እንደ 100 ይያዛል፤ 1,000 ዙር ማለት ነው። በቀን 10 ዙር ቢባል 100 ቀን። የሚቆጠረው በአውራና በመሀል ጣት ነው፤ ሌባ ጣት አይነካም። ራስ ፍሬዋ ላይ ሲደረስ አትዘለልም፤ መቁጠሪያው ይገለበጥና ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ብዙ ሰው ይፈጥንና ህሪሟ «ሪም» ብቻ ትሆናለች፤ «ህ»ዋ ከወደቀች ሰማዩ ወድቋል፣ ያ ዙር አይቆጠርም።

ዘሩን መምህር ይሰጣል፤ ይህ በሂንዱውም በቲቤቱም የጸና ነው።

#15 ጽናጽል

እንግዲህ እንዲህ ጻፍኩት፤ እርሙኝ፦ ኦም፣ ኧይም፣ ህሪም፣ ሽሪም፣ ክሊም፣ ክሪም፣ ሁም፣ ፐት፤ የም፣ ረም፣ ቨም፣ ለም፣ ሃም፤ የቡድሂስቱ ኧ፣ ህሪህ፣ ዲ፣ ትራም፣ ታም።

#16 ፊደለ_ሰገድ

ሁለት ብቻ። «ሃም» ኸም ይሁን። «ዲ» መጨረሻዋ ላይ ትንፋሿ ቀርታለች፤ ዲህ።